ከአጨዳው በኋላ፦ አውድማው፣ ግብሩና ሕጉ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በየጊዜው የምንሰማው አንድ ዓይነት ዜና አለ። በሻሸመኔና በአካባቢዋ ከሌላ ሰብል መካከል ተደብቆ የበቀለ ካናቢስ ተገኘ፤ ተነቀለ፤ ተቃጠለ። ዜናውን ተከትሎ የሚነሳው ክርክርም ያው ነው። አንዱ ወገን «ትውልድ ጠፋ» ይላል፤ ሌላው «ዓለም ፈቅዶት የለም ወይ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ አጫሹ ነው። ተክሉ ከታጨደ በኋላ አጫሹ እጅ እስኪገባ ድረስ ስላለው ጊዜ፣ ማለትም ስለ መከርከሙ፣ ስለ ማስጣቱና ስለ ማድረቁ ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም።

የታሪክ ሰው ዓይን ግን አስቀድሞ ማረፍ የሚገባው እዚያ ላይ ይመስለኛል። መንግሥታት ከዚህ ተክል ግብር የሰበሰቡበት፣ በኋላም የከለከሉበት፣ ዛሬ ደግሞ አንዳንዶቹ በልክ የፈቀዱበት መስመር የተሰመረው በአውድማው ላይ ነውና። ይህን ለማሳየት ውድ አንባብያንን ወደ ቤንጋል ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ። ከቤንጋል ተነስተን በጃማይካ በኩል ዞረን ሻሸመኔ እንደርሳለን። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ስሙና ስለ ተክሉ ጥቂት ልበል። በአገራችን አንዳንዶች ካናቢስን «ዕፀ ፋሪስ» ሲሉት ይሰማል። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ስም የሚሰጡት ግን አስተናግር ለምንለው፣ በእጅጉ መርዛማ ለሆነው ሌላ ተክል ነው። ስም ሲቀላቀል ፍርድም ይቀላቀላልና እኔ ካናቢስ እያልኩ እቀጥላለሁ። ካናቢስ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ግንድ ላይ የሚበቅል ተክል ነው። የሚያፈዘው ኃይሉ በብዛት ያለው በሴቴዋ አበባ ዙሪያ በሚወጣው ሙጫ ውስጥ ነው። የወንዴው ብናኝ ሲያርፍባት ሴቴዋ ዘር ወደ መቋጠር ታዘነብላለች፤ አበባዋም ዋጋው ይወርዳል። የትልልቆቹ ቅጠሎች ኃይል አነስተኛ ነው፤ ግንዱ ከናካቴው የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከአጨዳ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሁሉ አበባውን ከቅጠልና ከእንጨት መለየት፣ ከዚያም ሳይሻግት ማድረቅ ነው። ሕንዶች ይህን ልዩነት በሦስት ስሞች ለይተውታል። ቅጠሉን ባንግ፣ የሴቴዋን የአበባ ዘለላ ጋንጃ፣ ሙጫውን ብቻ ሲሆን ቻራስ ይሉታል። እነዚህን ሦስት ስሞች አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ላይ የሕግ አንቀጽ ሆነው ይመለሳሉና።

በ19ኛው መቶ ዘመን በብሪታንያ ትገዛ በነበረችው ቤንጋል ውስጥ ጋንጃ በሕጋዊ መንገድ የሚመረትበት አንድ አካባቢ ብቻ ነበር። ማዕከሉ ናኦጋኦን የምትባል ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ በባንግላዴሽ ሰሜን ምዕራብ ትገኛለች። ዙሪያው የጋንጃ ማሃል፣ ማለትም የጋንጃ ግዛት ይባል ነበር። ገበሬው ያለ ፈቃድ ወረቀት አንድ ግንድ እንኳ አይተክልም። ዘሩ በነሐሴ መደብ ላይ ይዘራል፤ ችግኙ በመስከረም ወደ ማሳ ይዛወራል፤ በኅዳር ግድም የታችኞቹ ቅርንጫፎች ይገረዛሉ። በዚያው ወር እንግሊዞች «የጋንጃ ሐኪም» ብለው የሰየሙት ባለሙያ በየማሳው እየዞረ ወንዴዎቹን ከሴቴዎቹ ይለይና ያስወግዳል። የዚህ ሰው ዓይን ከሳተ የመንደሩ ምርት በሙሉ ዘር ይቋጥራል፤ በዚህም የተነሳ ክፍያው ጥሩ፣ ክብሩም የታወቀ ነበር። አጨዳው ከየካቲት ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በዝርዝር የምናውቀው በዋናነት ሄም ቹንደር ኬር የተባለ ቤንጋላዊ የመንግሥት ሹም በ1877 ስላቀረበው ዘገባና በኋላም ስለተደረገው ትልቅ ምርመራ ምስጋና ይግባቸውና ነው። የታጨደው ተክል ቻቶር ወደሚባል አውድማ ይጓዛል። በሣር ላይ ተሰጥቶ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ጤዛ ይመታዋል። በማግስቱ አበባ የሌለበት የግንዱ ክፍል እየተቆረጠ ይጣልና የቀረው በትናንሽ እስር ይታሰራል። ቀጥሎ የሚሆነው የእኛን የገና ዳቦ ሳይሆን የጤፍ ውቂያ የሚያስታውስ ነው፤ ልዩነቱ የሚያበራየው በሬ አለመሆኑ ነው። እስሮቹ አናታቸው ወደ መካከል ዞሮ በክብ ይደረደራሉ። ሰዎች አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ በባዶ እግራቸው እየዞሩ ይረግጡታል። በሙጫው ኃይል አበባው ተጣብቆ ጠፍጣፋ ይሆናል። እየተገላበጠ እንደገና ይረገጣል፤ ይራገፋል፤ ቅጠሉና ዘሩ ይወድቃል። ይህ ጠፍጣፋ ጋንጃ ይባላል።

ድቡልቡል ጋንጃ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት የበለጠ ልፋት ይጠይቃል። ግንዱ ይበልጥ አጥሮ ይከረከማል፤ ቅጠሉ ይበልጥ ይለቀማል። ረጋጮቹ አግድም የታሰረ የቀርከሃ አጥር ይዘው ዘለላውን ከእግራቸው ሥር ያንከባልሉታል፤ በመጨረሻ በእጅ ይጠቀለላል። በዚህ ሁሉ መካከል ተሰባብሮ የሚረግፈው አበባ ደግሞ ቹር የሚባል ሦስተኛ ዓይነት ነው። ሥራው በአማካይ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። ጊዜው ከተዛነፈ፣ ዝናብ ከመጣ ወይም ርጥበት ከቀረ የወራት ድካም ሻግቶ ይቀራል።

የመንግሥት እጅ የሚገባው በዚህ ቦታ ነው። የኤክሳይዝ ሹማምንት ማሳውን ይቆጥራሉ፤ ምርቱ ወደ አውድማ ሲወርድ ይቆጣጠራሉ፤ የደረቀው ጋንጃ ተመዝኖ ወደ መጋዘን ይገባል፤ ቀረጥ ሳይከፈል አይወጣም። ቀረጡም ለሦስቱ ዓይነቶች አንድ አልነበረም። ጠፍጣፋው እንጨት ስለሚበዛበት ዝቅተኛውን ይከፍላል፤ ድቡልቡሉ እንጨቱ ስለተቀነሰ ከፍ ያለውን፤ እንጨት የሌለበት ቹር ደግሞ ከሁሉ የበለጠውን። እንግዲህ ልብ እንበል፦ የመንግሥት የግብር ሰንጠረዥ የገበሬውን ቢላዋ እየተከተለ ነው የተጻፈው። ገበሬው አንድ ስንዝር እንጨት ሲቆርጥ የቀረጡ መደብ ይለወጣል።

ይህን ከጫታችን ጋር ማነጻጸር ያስተምራል። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ በቶሎ ኃይሉ የሚደክም፣ ትኩስነቱ ዋጋው የሆነ ምርት ነው። ስለዚህ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከአወዳይ በፍጥነት ይነዳል፤ መንግሥትም ግብሩን ለመያዝ መንገድ ላይ፣ ኬላ ላይ ይቆማል። ጋንጃ ግን የግድ አንድ ቦታ ቀናት ቆይቶ መድረቅ አለበት፤ ከደረቀ በኋላም ይከማቻል። ስለዚህ መንግሥት አውድማው ላይና መጋዘኑ ደጃፍ ይቀመጣል። የምርቱ ጠባይ የግብሩን ሥርዓት ይወልዳል ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ ግን በግብር ብቻ አላበቃም። በ1893 በለንደን ፓርላማ የመጠጥ ተቃዋሚዎች እንቅስቃሴ ቀንደኛ የነበረው ዊልያም ኬን ጥያቄ አነሳ። ጋንጃ የሕንድን ሕዝብ እያሳበደ አይደለም ወይ? መንግሥትስ ከእብደት ገቢ ይሰበስባልን? በዚህ መነሻ የሕንድ የሄምፕ ዕፆች ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማክዎርዝ ያንግ ሲሆን፣ ከሰባቱ አባላት ሦስቱ ሕንዳውያን ነበሩ። ኮሚሽኑ አገሩን ዞሮ የ1,193 ሰዎችን ቃል ሰበሰበ፤ ናኦጋኦንን መረመረ፤ በ1894 በሰባት ቅጽ የታተመ ዘገባ አቀረበ።

ከዚህ ዘገባ ውስጥ ለእኛ ዘመን ትልቁን ትምህርት የያዘው ስለ አእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች የሚናገረው ክፍል ነው። በየማቆያው መዝገብ ላይ የብዙ ሕሙማን የእብደት ምክንያት «ጋንጃ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ኮሚሽኑ ይህን እንደ ማስረጃ ከመቀበል ይልቅ እያንዳንዱን ጉዳይ ወደ ኋላ እየተከተለ መረመረ። ያገኘውም የሚያሳፍር ነበር። ሕመምተኛውን ያመጣው ፖሊስ ምክንያቱን በግምት ይሞላል፤ ሐኪሙ ያንኑ ይገለብጣል፤ ግምቱ በዓመታዊ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ «ስታቲስቲክስ» ይሆናል። ኮሚሽኑ ከልክ ያለፈ አጠቃቀም እንደሚጎዳ ሳይክድ፣ በልክ መጠቀም ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንዳላሳየ ደመደመ። ፍጹም ክልከላ አስፈላጊም ተገቢም አይደለም፤ ቁጥጥርና ቀረጥ ይበቃል አለ።

ይህን ዘገባ ዛሬ የሚያወድሱት ብዙዎች ናቸው። እኔም የምርመራውን ትጋት አደንቃለሁ። ሆኖም ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። አንደኛ፣ ዳኛው ከተከሳሹ ገቢ የሚያገኝ ነበር፤ የጋንጃ ቀረጥ ወደ ቅኝ ገዢው ግምጃ ቤት ነበር የሚገባው። ሁለተኛ፣ ከሦስቱ ሕንዳውያን አባላት ሁለቱ፣ ራጃ ሶሺ ሲካሬስዋር ሮይና ላላ ኒሃል ቻንድ፣ የተቃውሞ ሐሳባቸውን በጽሑፍ አስመዝግበዋል። ራጃው የታሂርፑር ባላባት ነው፤ ታሂርፑር ደግሞ የናኦጋኦን አውድማዎች በሚገኙበት በራጅሻሂ አውራጃ ውስጥ ነች። ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። ገቢው የሎንዶንና የካልካታ፣ ጦሱ የመንደሩ ሲሆን ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የሚያስመሰግነው ግን ተቃውሞውም ከዘገባው ጋር አብሮ መታተሙ ነው። እኛ አገር ስንት የአጥኚ ቡድን ዘገባ ነው የአናሳውን ድምፅ ይዞ ለሕዝብ የቀረበው?

በ1917 የናኦጋኦን ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ምርቱን ከአባላቱ እየተረከበ ይሸጥ፣ ከትርፉም ለአካባቢው ትምህርት ቤት፣ ሕክምና መስጫና መንገድ ያሠራ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የአውድማው ዕጣ ሩቅ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ይወሰን ጀምሮ ነበር። በጄኔቫ በተካሄደው የኦፒየም ጉባኤ የግብፅ ልዑክ ኤል ጊንዲ ሐሺሽ በቁጥጥሩ ውስጥ እንዲገባ አጥብቆ ጠየቀ። በየካቲት 1925 የተፈረመው ስምምነት «የሕንድ ሄምፕ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ተረጎመ፦ ሙጫው ያልወጣለት፣ የደረቀ፣ የሴቴዋ ተክል የአበባ ወይም የፍሬ አናት። እነሆ የናኦጋኦን አውድማ በዓለም አቀፍ ሕግ ቋንቋ! ሴቴዋን ከወንዴው የለየው «ሐኪም»፣ አናቱን ከእንጨቱ የለየው ቢላዋ፣ ያደረቀው ፀሐይ ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉ።

በ1961 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ነጠላ ስምምነት «የደረቀ» እና «ሴቴ» የሚሉትን ቃላት አነሳ፤ ከአናቱ ጋር ያልተያያዙ ቅጠልና ዘር ግን «ካናቢስ» ከሚለው ትርጉም ውጭ እንዲሆኑ አደረገ። ባንግ ዳነ፤ ጋንጃ ተያዘ። ስምምነቱ የቆየ ልማድ ላላቸው አገሮች ከጸናበት ከ1964 ጀምሮ እስከ 25 ዓመት የሚደርስ የማቋረጫ ጊዜ ሰጠ። ሕንድ በ1985 ባወጣችው የአደንዛዥ ዕፆች ሕግ ጋንጃንና ቻራስን ስትከለክል ቅጠሉን ከትርጉሙ አስቀረች፤ ስለዚህም ባንግ እስከ ዛሬ በአንዳንድ ክፍለ አገሮቿ በፈቃድ ይሸጣል። ባንግላዴሽ በ1987 የጋንጃ እርሻን ዘጋች። ከመቶ ዓመት በላይ መንግሥት ራሱ ፈቃድ የሰጠው፣ የመዘነውና ቀረጥ የሰበሰበበት ሙያ ወንጀል ሆነ። የጋንጃ ሐኪሙ ዕውቀት ከእሱው ጋር ተቀበረ።

አሁን ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ እንያዝ። በብሪታንያ ግዛቶች ባርነት በ1838 ካበቃ በኋላ የጃማይካ የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ጉልበት አጠራቸው። ከ1845 ጀምሮ ሕንዳውያን የኮንትራት ሠራተኞች በመርከብ ተጫኑ። እነሱም ተክሉን ማብቀልና ማድረቅ ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ይዘው ሄዱ፤ ጃማይካ ውስጥ ጋንጃ የተባለው በዚህ የተነሳ ነው። የቅኝ መንግሥቱ በ1913 ከለከለው። በ1930ዎቹ የራስ ተፈሪያን እምነት ሲወለድ ቃሉና ተክሉ በደሃው ጥቁር ገበሬ እጅ ነበሩ፤ እምነቱም ቅዱስ አደረጋቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ኢትዮጵያን በወረራው ዘመን ለረዱ የጥቁር ሕዝብ ልጆች በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሲሰጡ የጃማይካ ራስ ተፈሪያን በየጊዜው ወደዚያ መጡ። ከመሬቱ አብዛኛው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ተወረሰ። ቃሉ ግን ቀረ። ዛሬ የሻሸመኔ ወጣት «ጋንጃ» ሲል የቤንጋል አውድማ ቃል በካሪቢያን ዞሮ ከአፉ እየወጣ መሆኑን አያውቅም።

ይህ ማለት ግን ተክሉ ራሱ ለአገራችን እንግዳ ነበር ማለት አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከታወቁት ውቅር ቤተ ክርስቲያናት ጋር እንዳይምታታ) በቁፋሮ የተገኙ ሁለት የሸክላ ማጨሻ ራሶች ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት እንደተገኘባቸው ቫን ደር ሜርቨ የተባሉ ተመራማሪ በ1975 አሳትመዋል። ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው መቶ ዘመን ግድም ተገምቷል፤ ትምባሆ ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። በዚያ ዋሻ የነበሩት ሰዎች ተክሉን እንዴት ያደርቁት እንደነበር የነገረን የለም። ግን ያልደረቀ ነገር አይጨስም፤ ስለዚህ አንድ ሰው፣ በአንድ ወቅት፣ በዚያ ደጋ ላይ ያንን ቅጠል ፀሐይ ላይ አስጥቶታል።

ዛሬስ? በ2020 ዲሴምበር የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን ከጥብቁ ዝርዝር፣ ከአራተኛው ሠንጠረዥ አወጣው። በ2013 ዑራጋይ፣ በ2018 ካናዳ፣ በ2024 ጀርመን ዜጋው በቤቱ ጥቂት ግንድ እንዲያበቅል ፈቀዱ። ሕጎቻቸውን ያነበበ ሰው የናኦጋኦንን የቀረጥ ሰንጠረዥ ያስታውሳል። የካናዳ ሕግ አንድ ግራም የደረቀ አበባ ከአምስት ግራም እርጥብ ጋር እኩል እንደሆነ ይቆጥራል። የጀርመን ሕግ ለአንድ ጎልማሳ በቤቱ 50 ግራም ሲፈቅድ ክብደቱ ከደረቀ በኋላ የሚለካ መሆኑን ይደነግጋል፤ አበባውን ብቻ ሳይሆን ለአበባው የቀረቡ ቅጠሎችንም ይጨምራል። ሰውየው በመቀስ ምን ያህል ቅጠል እንደከረከመና ምን ያህል ቀን እንዳደረቀ ከሕጋዊነት ወደ ወንጀል ሊያሻግረው ይችላል። ጃማይካም በ2015 ለአንድ ቤተሰብ አምስት ግንድ፣ ለራስ ተፈሪያንም የአምልኮ አጠቃቀም ፈቅዳለች። በሻሸመኔ ያለው የዚያው እምነት ተከታይ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ይጠብቀዋል።

ይህን ሁሉ ስል ኢትዮጵያ ካናቢስን ትፍቀድ ማለቴ አይደለም። በየዓመቱ በወጣት የተሞሉ ክፍሎች ፊት የምቆም መምህር ነኝና የሱስን ፊት አውቀዋለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው። በእኛ አገር ስለዚህ ጉዳይ የተሰበሰበ የ1,193 ሰው ቃል ቀርቶ፣ የመቶ ሰው ቃል የት አለ? በሆስፒታሎቻችን መዝገብ ላይ «ሱስ» ተብሎ የተጻፈውን ምክንያት ወደ ኋላ ተከትሎ ያጣራ ማን ነው? ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ጫታችን ነው። ጫት በ1961ዱ ስምምነት ውስጥ የለም፤ መንግሥታችንም ቀረጡንና የውጭ ምንዛሬውን ይሰበስባል። ይሁን እንጂ ብሪታንያ በጁን 2014 ጫትን ስትከለክል የራሷ የባለሙያዎች አማካሪ ምክር ቤት ከዓመት በፊት «አትከልክሉ» ብሎ መክሯት ነበር። የሐረርጌ ገበሬ በዚያ ክርክር ውስጥ ወንበር አልነበረውም፤ ኪሳራው ግን የእሱ ነበር።

የናኦጋኦን ገበሬም በጄኔቫም ሆነ በኒው ዮርክ ወንበር አልነበረውም። መንግሥት ሲጠቅመው መዘነው፤ ሳይጠቅመው ሲቀር ዘጋው። ከግብር ሰብሳቢው ሚዛን ወደ ፖሊስ እሳት የሚወስደው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ የቤንጋል አውድማ ያስተምረናል። የጫት ገበሬያችንን የሚጠብቀው ዕጣ ይህ እንዳይሆን፣ አንድ ቀን ድንገት ከመወሰናችን በፊት ዛሬ እንመርምር፤ ተቃዋሚውንም ደጋፊውንም በአንድ ቅጽ እናትም።

ቸር ይግጠመን።